የከፍተኛ ትምህርት ዕዳ፤ ከአገልግሎት ወደ ወጪ መጋራት

ለከፍተኛ ትምህርት የሚወጣውን ገንዘብ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ በአገራችን አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ዋናውን ወጪ የተሸከመው መንግሥት ነበር። የመንግሥት ገንዘብ ሲባል ግን መሠረቱ የሕዝብ ግብር ነው። በኮልፌ አጠና ተራ እንጨት የሚሸጠውም ሆነ በሽመና የሚተዳደረው ነዋሪ፣ የራሱ ልጅ ኮሌጅ ባይገባም፣ ለሌሎች ልጆች ትምህርት ድርሻውን ሲያዋጣ ኖሯል። ታዲያ የተማረው ሰው ላስተማረው ሕዝብ ምን ይመልስ?

ዕዳን በአገልግሎት ስለመክፈል

የመጀመሪያው ምላሽ ዕውቀትና ጉልበት ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ሕዝብን እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። ከተሠማሩት ብዙዎቹ በየጠቅላይ ግዛቱ መምህራን ሆነው ሠርተዋል። ዕዳው የሚለካው በጊዜ እንጂ በብር አልነበረም።

ዕዳን በገንዘብ ስለመክፈል

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ ተማሪዎች ከምረቃ በኋላ በአገልግሎት ወይም በክፍያ ወጪያቸውን የሚሸፍኑበት ዘዴ እንዲፈጠር አመለከተ። በዚሁ መሠረት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ወጥቶ፣ የወጪ መጋራት ሥርዓት በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ደንቡ ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ደነገገ። ክፍያውም ምሩቁ ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ የሚፈጸም ሆነ። ከገቢ ጋር የተያያዘ ተመሳሳይ አከፋፈል በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 ተጀምሮ ነበር።

ክፍያው የምሩቃን ግብር ተብሎ ቢጠራም በጠባዩ ብድር ነው፤ ግብር ገቢ እስካለ ድረስ ሲከፈል ይኖራል፣ ይህ ግን ዕዳው ሲያልቅ ያበቃል። ለምሳሌ 24,000 ብር ያለበት ምሩቅ 5,000 ብር ደመወዝ ቢያገኝና በየወሩ 500 ብር ቢቀነስበት፣ በ48 ወራት ከዕዳው ነፃ ይወጣል።

ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ

የዕዳው መጠን የሚወሰነው ግን በተማሪው ፍላጎት ብቻ አይደለም። ከኮልፌ ሁለት ጎረቤታሞች በእኩል ውጤት ዩኒቨርሲቲ ቢገቡ፣ አዲስ አበባ ተመድቦ ከወላጆቹ ቤት እየተመላለሰ የሚማረውና የምግብም የመኝታም አገልግሎት ያልወሰደው ዕዳው ያንሳል። ሩቅ አገር የተመደበው ግን ምግቡና መኝታው በሙሉ ይታሰብበታል። ስለዚህ ምደባ የመቀመጫ ድልድል ብቻ ሳይሆን የዕዳ ድልድልም መሆኑን የፕላን ባለሙያዎች ሊያጤኑት ይገባል።

ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ተማሪዎች ዕዳቸውን በሙያቸው በማገልገል እንዲወጡ ደንቡ መፍቀዱም የሚዘነጋ አይደለም። የ1957ቱ ሐሳብ በዚህ አንቀጽ ውስጥ ይኖራል።

ተማሪው የግዴታ ውል የሚፈርመው ገና በወጣትነቱ፣ ብዙ ጊዜም ከወላጆቹ ርቆ በምዝገባ ግርግር ውስጥ ነው። በመሆኑም የሁለተኛ ደረጃ መምህራን፣ ተማሪው 12ኛ ክፍልን ከመጨረሱ በፊት፣ የሚጋራው ወጪ ምን ምን እንደሆነ፣ ክፍያው መቼ እንደሚጀምርና በአገልግሎት የሚተካው በምን ሁኔታ እንደሆነ ቢያስረዱት፣ ፊርማው በዕውቀት ላይ የተመሠረተ ይሆናል። ያልተረዱትን ዕዳ መሸከም ይከብዳል፤ ያወቁት ግን ላስተማረ ሕዝብ የሚመለስ ውለታ ነው።