ስለ ታመመ ውሻና ስለ ጌታው

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚወስደውን መንገድ በሥራ ምክንያት የሄደበት ሰው፥ በገጠር ሲመሽበት አስቀድሞ የሚቀበለው የውሻ ድምፅ መሆኑን ያውቃል። እንግዳው ገና ከአጥሩ ሳይደርስ ውሻው መምጣቱን ለቤቱ ይናገራል፤ ባለቤቱም «ማነህ?» ብሎ ይወጣል። በዚያ አገር ውሻ ለጌጥ የሚያዝ እንስሳ አይደለም። ቀን ከእረኛው ጋራ ይውላል፤ ሌሊት በረቱን ከጅብ፥ ጐተራውን ከሌባ ይጠብቃል። ከአዲስ አበባ ተዛውሮ በቢቸና ከተማ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ብቸኛ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ከቢሮ ሲመለስ በደጃፉ የሚጠብቀው ቤተ ሰቡ እርሱ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ግን የውሻን ጥቅም አይደለም። ይህ ጠባቂ አንድ ቀን ማንከስ ቢጀምር፥ እግሩም ቢያብጥ፥ ሐኪሙም አይቶ «ነቀርሳ ነው፤ እግሩ ካልተቈረጠ ሥቃዩ አይቆምም» ቢል፥ ጌታው ምን ይሆናል? ማንስ ያጽናናዋል? ጥያቄው ለአንዳንዱ ሰው ቀላል ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ለዚህ ሰው የምንሰጠው መልስ፥ ብዙውን ጊዜም የምንነፍገው መልስ፥ ከታሪካችን የተወረሰ ነውና ጥቂት ወደ ኋላ ሄደን እንመልከተው።

በቀድሞ ልማዳችን ውሻ ሁለት መልክ አለው። በአንድ ወገን ርኩስ ተብሎ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር የሚባረር ነው። በሌላው ወገን ደግሞ በመጽሐፈ ጦቢት ከጦብያና ከመልአኩ ጋራ መንገድ የሚሄድ፥ በወንጌልም ሰዎች የናቁትን የድኻውን የአልዓዛርን ቍስል የሚልስ እንስሳ ነው። በቢቸና አጠገብ ባለው በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሊማሩ ከሄዱት መካከል፥ ደበሎ ለብሰው አኩፋዳ ይዘው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ በውሻ ያልተባረሩ ጥቂቶች መሆን አለባቸው። ሊቃውንቱ ስለ ውሻ መልካም ነገር ለመናገር ቢዘገዩ አይፈረድባቸውም! ደብተሮች በእጃቸው ይዘዋቸው የኖሩት የመድኃኒት መጻሕፍትም ለእብድ ውሻ ንክሻ የሚሆነውን ሥርና ቅጠል ደጋግመው ይዘረዝራሉ። ልብ በሉ፤ ውሻ ወደ እነዚህ መጻሕፍት በብዛት የገባው በሽታ አምጪ ሆኖ ነው እንጂ በሽተኛ ሆኖ አይደለም።

ዘመናዊው ሕጋችንም ከዚህ አልራቀም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጕዳት፥ በድንገት ከእጁ ያመለጠ ቢሆን እንኳ፥ ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። እንግዲህ ውሻው ሰው በነከሰ ቀን ጌታው ማን እንደ ሆነ ተፈልጎ ይገኛል፤ ውሻው በታመመ ቀን ግን ጌታው ከነሐዘኑ ብቻውን ይቀራል።

የእንስሳት ሕክምና በአገራችን ሥር የሰደደው በቀንድ ከብት ምክንያት ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋራ የመጣው የደስታ በሽታ ከአገሪቱ ከብት ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል እንደ ፈጀ ይነገራል። በሬ ጠፋ፤ እርሻ ቆመ፤ ያ ዘመን «ክፉ ቀን» ተባለ። ዳግማዊ ምኒልክ ለሕዝቡ ምሳሌ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት የቈፈሩት በዚያን ጊዜ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ በ1950ዎቹ አጋማሽ፥ በደብረ ዘይት፥ ማለት በዛሬዋ ቢሾፍቱ፥ የእንስሳት ክትባት የሚሠራበት ተቋም ቆመ፤ በ1970ዎቹ መባቻም በዚያው ከተማ የእንስሳት ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ፋኩልቲ ተከፈተ። የደስታ በሽታም በሰኔ ወር 2003 ዓ.ም. ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ በይፋ ተነገረ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ማንም አያቃልለውም። ይሁን እንጂ ሐኪሙም ገንዘቡም ለበሬ፥ ለላምና ለበግ ተመደበ። ለውሻ ከዚህ ሁሉ የደረሰው ድርሻ በአመዛኙ የእብደት በሽታ ክትባት ነው፤ እርሱም የሚሰጠው ሰውን ለማዳን ነው።

ወደ እግር መቍረጥ እንምጣ። በአውሮፓ አምብሯዝ ፓሬ የተባለው የፈረንሳይ የጦር ሐኪም በ16ኛው ምዕት ዓመት፥ እግር ሲቈረጥ ደሙ እንዲቆም በጋለ ብረት ከመተኰስ ይልቅ የደም ሥሩን በክር ማሰር ይሻላል ብሎ ካስተማረ ወዲህ፥ መቍረጥ የሐኪም ሥራ እየሆነ ሄደ። በእኛ አገር ግን አካል መቍረጥ ለብዙ ዘመን የዳኛ ሥራ ነበር። የሌባ እጅ፥ የሽፍታ እግር በፍርድ ይቈረጥ ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላም፥ በ1888 ዓ.ም.፥ ለጣሊያን ሲዋጉ ከተማረኩት የኤርትራ አስካሪዎች በመቶ የሚቈጠሩት ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቈርጠዋል። እንግዲህ አያቶቻችን እግረ ቈራጣ ሰው ሲያዩ አስቀድመው የሚጠይቁት «ምን ታሞ ነው?» ብለው ሳይሆን «ምን አጥፍቶ ነው?» ብለው ነበር። ይህ ዐይን ገና ከእኛ ላይ አልተነሣም። የሞጣ ሰው ስለ ውሻው እግር ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋው፥ መቍረጥን ከምሕረት ሳይሆን ከቅጣት ጋራ አያይዘን ስለ ወረስነው ይመስለናል።

በዚህ ላይ የወጌሻ ነገር አለ። ወጌሻ በጎጃም የተከበረ ባለሙያ ነው፤ የተሰበረውን ይጠግናል፥ የወለቀውን ይመልሳል፥ ለሰውም ለከብትም ይደርሳል። ስብራት ሲሆን እጁ ይባረክ። ነገር ግን የአጥንት ነቀርሳ ያበጠውን እግር ማሸት ከባድ ጕዳት ያስከትላል። በሽታው አጥንቱን ከውስጥ ስለሚበላው፥ የታሸው እግር በቀላሉ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ሳይወድቅና ሳይመታ የሚያነክስ፥ በዕረፍት የማይሻለው፥ በተለይም ከጕልበቱ አካባቢ፥ ወይም ከፊት እግሩ ከአንጓው በላይ ወይም ከትከሻው ሥር ጠንካራ እብጠት ያለበት ትልቅ ውሻ፥ ከወጌሻ በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ራጅ ያለው የእንስሳት ሕክምና ቤት በየወረዳው አይገኝም፤ ሙያው ግን ለሞጣ ሰው በሚቀርቡት በባሕር ዳርና በጐንደር፥ ደግሞም በቢሾፍቱ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ይሰጣል።

«ነቀርሳ» የሚለው ቃላችን ራሱ ያሳስታል፤ አባቶቻችን የሳንባውንም በሽታ፥ ዛሬ ካንሰር የምንለውንም በአንድ ስም ይጠሩ ነበርና። ካንሰርም ቢሆን አንድ ዐይነት አይደለም። በየመንገዱ በሚዞሩ ውሾች ላይ የሚታይ፥ በሩካቤ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ዕጢ አለ። መልኩ ያስፈራል፤ ነገር ግን ቪንክሪስቲን በሚባል መድኃኒት በሳምንት አንድ ጊዜ በመርፌ እየተሰጠ ለጥቂት ሳምንታት ቢታከም አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ስለዚህ ጌታው «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ተስፋ ከመቍረጡ በፊት የትኛው እንደ ሆነ ይጠይቅ።

ኦስቲዮሳርኮማ የሚባለው የአጥንት ካንሰር ግን ክፉ ነው። በውሻም በሰው ልጅም፥ በተለይም በሚያድጉ ወጣቶች ላይ፥ በሽታው በጣም ተመሳሳይ ነው። ሐኪሙ በራጅ ባወቀው ጊዜ ከአሥሩ ውሾች በዘጠኙ ያህል በዐይን የማይታይ ዘር ወደ ሳንባ አልፏል። ስለዚህ እግሩን መቍረጥ ሥቃዩን ያነሣል እንጂ ብቻውን በሽታውን አያጠፋም። እግሩ ብቻ የተቈረጠለት ውሻ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ወር ይኖራል፤ እንደ ካርቦፕላቲን ያለ መድኃኒት ሲጨመርበት ዕድሜው ወደ 10 ወይም 12 ወር ይደርሳል፤ ከአምስቱ አንዱ ያህል ሁለት ዓመት የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ይህን ቍጥር ለጌታው መደበቅ አይገባም። በሽታው ተመሳሳይ በመሆኑም በ1980ዎቹ ዓመታት፥ በፈረንጅ አቈጣጠር ማለት ነው፥ እግራቸው በተቈረጠ ውሾች ላይ የተሞከረ ሚፋሙርታይድ የተባለ መድኃኒት፥ በ2001 ዓ.ም. በአውሮፓ ለሕፃናትና ለወጣቶች የአጥንት ካንሰር ተፈቅዷል። ውሻው የሰውን በረት ብቻ ሳይሆን የሰውን ልጅም እንደ ጠበቀ ከዚህ ይታያል።

አንባቢ ሆይ፤ «በሦስት እግር ምን ሕይወት አለ?» ትል ይሆናል። ውሻ ከክብደቱ ከመቶ ስድሳ ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ስለ ሆነ የፊት እግር ማጣት ከኋላው ይልቅ ይከብደዋል፤ ሆኖም ሁለቱንም ይለምደዋል። ብዙዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቆማሉ፥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ይሮጣሉ። ያ የታመመ እግር ቀድሞም አላገለገለውም ነበርና፥ ሥቃዩ ሲነሣለት ጌታው ከሚያዝነው ይልቅ እርሱ ይደሰታል። እኛ ጕድለቱን እናያለን፤ እርሱ የሚያውቀው ሕመሙ መቅረቱን ነው። ለሞጣ ሰዎች ስለ ጕድለት ማስተማር ደግሞ ድፍረት ነው። ከሞጣ በላይ በዓባይ ላይ ያለው፥ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰብሮ «ሰባራ ድልድይ» ከተባለ በኋላ፥ የጎጃምና የበጌምድር ሰው ከ60 ዓመት በላይ በጐደለው ቦታ ላይ በገመድ እየተሳበ ገበያውንና ዘመዱን ሲጐበኝበት ኖሯል።

እንግዲህ ለጌታው ምን እንበለው? አስቀድመን የማንለውን እንናገር። «ውሻ አይደለም እንዴ!» አንበለው። ይህ ቃል ገንዘቡን ያወጣውንም፥ ማውጣት ያልቻለውንም እኩል ያቈስላል። ሉሉ የተባለው ትንሽ ውሻቸው በሞተ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቤተ መንግሥታቸው ግቢ ቀብረው ድንጋይ አቁመውለታል። ለንጉሠ ነገሥት ያላፈርንበትን ሐዘን በቢቸና ለሚኖር ጸሓፊ ወይም መምህር ስንሆን የምንሥቅበት ምክንያት አይታየንም።

ሁለተኛም አንፍረድበት። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ የልጆቹን የትምህርት ወጪ ለውሻ ሕክምና ማዋል ያልቻለ አባት ጨካኝ አይደለም። እንዲህ ላለው ሰው ሌላ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ሐኪሙ የሚያዝዘው የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ሁለተኛው ሥቃዩ ከበረታ በሐኪም እጅ ያለ ሕመም ማሳረፍ ነው። በገመድ ማነቅና በድንጋይ መውገር ግን ለአገልጋይ የሚገባ ስንብት አይደለም። ለሰው የሚሰጥ ማስታገሻ ክኒን ለውሻ መርዝ ሊሆን ስለሚችል ጐረቤት አምጥቶ እንዳይሰጠው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ በተረፈ ሄደን አብረነው እንቀመጥ። ለውሻ ዕድር የለም፤ ድንኳንም አይተከልም። ነገር ግን አንድ ሲኒ ቡና የሚጠጣበት ጊዜ ዕድር አያስፈልገውም። ሐኪሙ የነገረውን ሲደግምልን እንስማው፤ መቍረጡን ከመረጠም በቀጠሮው ቀን ውሻውን ተሸክመን መኪና ላይ እናግዘው። ትልቅ ውሻ አንድ ሰው ብቻውን አያነሣውም።

እግሩ ተቈርጦ ወደ ቤት የተመለሰ እንደ ሆነ፥ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ማልቀሱ ከማደንዘዣውና ከቍስሉ የተነሣ ነውና ጌታው «በደልሁት» ብሎ አይደንግጥ። ወለሉ እንዳያንሸራትተው ጆንያ ይነጠፍለት፤ ስፌቱን እንዳይልሰው አንገቱ ላይ መከልከያ ይደረግለት፤ ሦስት እግር ብዙ ሥጋ ስለማይሸከም ምግቡ ይመጠን። ቀን እንደ ቀድሞው ከእረኛው ጋራ ሊውል ይችላል፤ ርቀቱን ራሱ ያውቀዋል። ሌሊት ግን ከበረት ወደ ቤት ይግባ፤ መጮኹን ከውስጥም ሆኖ ይጮኻል፤ ጅብ የሚያነክሰውን ቀድሞ ያውቃልና።