ሰማያዊው ቀሚስ

ናታን አልትማን ባለቅኔዋን አና አኽማቶቫን እ.ኤ.አ. በ1914 ሲሥላት ለኩቢዝም ሲል ፊቷን አልሰባበረውም። ሰማያዊ ቀሚስ፣ ቢጫ ሻል፣ ገጠጥ ያለ የትከሻ አጥንት፣ ጉብ ያለ አፍንጫ፤ ስለታሙ ማዕዘን የበዛው ከጀርባዋ ነው። የሠዓሊውና የተሣለችው መንገድ የተለያየው ከዚያ በኋላ ነው። አልትማን በ1918 ለአብዮቱ አንደኛ ዓመት የፔትሮግራድን የቤተ መንግሥት አደባባይ አስጌጠ፤ በ1920 ክሬምሊን ገብቶ የሌኒንን ግማሽ አካል ሐውልት ቀረጸ። በዓመቱ ያው መንግሥት የባለቅኔዋን የቀድሞ ባል ገጣሚውን ኒኮላይ ጉሚልዮቭን ረሸነው። በ1946 የስታሊን ሹም ዥዳኖቭ እርሷን መነኩሴም ጋለሞታም አድርጎ ሰደባት (ስድቡም የራሱ አልነበረም፤ ከአንድ ሃያሲ የተዋሰው ነው)፤ ከደራስያን ማኅበርም ተባረረች። ሥዕሉ ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ፣ በሩሲያ ሙዚየም ይገኛል። አኽማቶቫ እዚያ ገና የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ናት፤ ፊቷንም ከተመልካቹ ዘወር አድርጋለች።