ሥልጣንና ቦታ በዳታቤዝ ውስጥ፦ ከከሚሴ ሲታይ

በአማራ ክልል ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አምስት የገጠር ወረዳዎች አሉት፦ ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ባቲና ደዌ ሐረዋ። የዞኑ መቀመጫ ከሚሴና የባቲ ከተማ ደግሞ የየራሳቸው አስተዳደር አላቸው። በእነዚህ 7 ቦታዎች የሚሠራ ሲስተም ሪፖርት አስገቢ፣ አጽዳቂና ተመልካች ያስፈልገዋል እንበል። ሥልጣንን ከቦታ ጋር አጣብቆ የሚመዘግብ ባለሙያ «የባቲ አስገቢ»፣ «የደዋ ጨፋ አጽዳቂ» እያለ 21 ሮል (የሥራ ድርሻ) ይፈጥራል። ሥልጣኑን ለብቻ፣ ቦታውን ለብቻ ያስቀመጠ ግን 3 ሮል ይበቃዋል።

ወደዚህ ቀላል መንገድ ለመድረስ ብዙ ዓመት ወስዷል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው መልቲክስ የተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማን ምን ማድረግ እንደሚችል በየፋይሉ ይዘረዝር ነበር። ሌላው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዩኒክስ ዝርዝሩን ወደ ሦስት አሳጠረው፦ ባለቤት፣ ቡድንና ሌላው ሰው። በ1992 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ዴቪድ ፌራዮሎና ሪክ ኩን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ፈቃድ ለሰው ሳይሆን ለሥራ ድርሻ እንዲሰጥ፣ ሰውም በድርሻው በኩል እንዲያገኘው የሚያደርግ ሥርዓት አቀረቡ። ሹም ሲሻር ማኅተሙ ቢሮው እንደሚቀር ለሚያውቅ የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ሐሳቡ እንግዳ አይደለም።

ዌብ ሲመጣ ግን ብዙዎች «ማቅለል» ሲሉ የአንድን ሰው ሮሎች በሙሉ በነጠላ ሰረዝ እየለዩ አንድ ሕዋስ ውስጥ መጠቅጠቅ ያዙ። ኤድጋር ኮድ የሠንጠረዥ ዳታቤዝን መሠረት የጣለው በ1970 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ አንድ ሕዋስ አንድ ዋጋ ብቻ ይያዝ የሚለው ሕግም የእሱ ነው። ሕጉ ሲጣስ ውጤቱ ወዲያው ይታያል፦ ከተጠቀጠቀው ጽሑፍ ውስጥ «አስተዳዳሪ» ብሎ የፈለገ ሰው «ምክትል አስተዳዳሪ»ንም አብሮ ያገኛል። እንዲህ ያለ ፍለጋ የማይገባውን ሰው ሊያስገባ ይችላል። በእኔ እምነት እንዲህ መጠቅጠቅ ችግሩን መደበቅ እንጂ ማቅለል አይደለም።

ጥሩው ምሳሌ በየጤና ጣቢያው አለ። ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ማዋል የጀመረው፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚለማው የጤና መረጃ ሲስተም ዲኤችአይኤስ 2 የሮሉን ፈቃዶች በአንድ ሠንጠረዥ፣ ሮሉ የማን እንደሆነ በሌላ፣ የተጠቃሚውን ጤና ጣቢያ ወይም ወረዳ ደግሞ በሦስተኛ ያስቀምጣል። ይህ ሲስተምም ቢሆን አንድን ተጠቃሚ ለዓመታት ለሁለት ከፍሎ ይይዝ ነበር፤ ስሙና አድራሻው በአንድ ወገን፣ መግቢያው በሌላ። ሁለቱ የተዋሃዱት በ2022 (እ.ኤ.አ.) በወጣው 2.38 ስሪት ነው። ስለዚህ አንዳንዴ ማቅለል መለየት ነው፣ አንዳንዴም ማዋሃድ።

በዚህ አሠራር ከባቲ ወደ ጅሌ ጥሙጋ የተዛወረ የጤና መረጃ ባለሙያ ሮሉ አይነካም። የሚለወጠው ቦታውን የያዘው መስመር ብቻ ነው፤ የባቲን ሪፖርት የሚያስገባው ተተኪም በራሱ ስም ይመዘገባል እንጂ የቀድሞውን ሰው ፓስወርድ አይቀበልም።