የፕላትሌት ፀረ አካል ምርመራ
የሰውነት መከላከያ ኃይል ደም እንዲረጋ በሚያግዙት በገዛ ራሱ ፕላትሌቶች ላይ በስሕተት ተነሥቶ ቁጥራቸውን ሲያመነምን፣ ለጥፋቱ ምክንያት የሆነውን ፀረ አካል በቤተ ሙከራ የሚፈልግ የምርመራ ጥበብ ነው። መሠረቱን የጣለው፣ እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ የዚህ ደዌ ታማሚን ደም በፈቃዱ በደም ሥሩ አስገብቶ፣ ፕላትሌቶቹ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ክፉኛ ያሽቆለቆሉበትና፣ ለሕሙማን ሲል ነፍሱን ለአደጋ ያጋለጠው ወጣቱ ሐኪም ዊልያም ሃሪንግተን ነው፤ እንዲህ ያለው ትሩፋት ሊዘከር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የተገለጸው ማይፓ የተባለው ዘዴ በፕላትሌት ገጽ ካሉት ግላይኮፕሮቲኖች ጋር የተጣበቀውን ፀረ አካል ለይቶ ያሳያል። ይሁን እንጂ ፀረ አካሉ መገኘቱ ለበሽታው ብርቱ ምስክር ቢሆንም፣ ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ሳይገኝባቸው ስለሚቀር፣ አለመገኘቱ በሽታውን አያስተባብልም፤ ስለዚህም ሐኪሙ ፍርዱን የሚሰጠው፣ የፕላትሌቶቹ ቁጥር በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ100,000 በታች መሆኑን አረጋግጦ፣ መድኃኒትን፣ የጉበት ደዌን፣ ኤች.አይ.ቪንና የመሳሰሉትን ሌሎች ምክንያቶች አንድ በአንድ ካስወገደ በኋላ ነው።