አቤቱታ በ12 ባይት

የአንድ ፋይል ስም ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል የሚወስነው የከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ ጸሐፊዎች ለስሙ የመደቡት ቦታ ነው። በቀድሞው ዩኒክስ በፎልደር ውስጥ ለእያንዳንዱ ፋይል 16 ባይት ይመደብ ነበር፤ 2ቱ ለመለያ ቁጥሩ፣ 14ቱ ለስሙ። እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው ሊኑክስም ይህንኑ ልክ ሚኒክስ ከተባለው ሲስተም ወረሰ። አንድ የግዕዝ ፊደል ዛሬ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ በዚያ ልክ ቢሆን ልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ የሚተየብ ሰነድ «አቤቱታ» ከመባል አያልፍም ነበር፤ 12 ባይት ይዞ 2 ይተርፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም፣ ኤክስት፣ የስሙን ጣሪያ 255 ባይት አደረሰው። በዓመቱ የተከተለው የሬሚ ካርድ ኤክስት2 ግን የስሙን ርዝመት ለመመዝገብ 16 ቢት መደበ። እስከ 255 ለመቁጠር 8 ቢት ይበቃል፤ ላይኛው ባይት ዜሮ ተጽፎበት ሥራ ፈቶ ተቀመጠ። ብክነት ቢመስልም ኋላ ጠቀመ። ፎልደር ሲዘረዘር የየፋይሉን ዓይነት ለማወቅ ሌላ የዲስክ ቦታ ማንበብ እንዳያስፈልግ፣ ዓይነቱ በዚያ ባይት እንዲጻፍ ተደረገ። በቀድሞ ዲስኮች ያለው ዜሮም «ዓይነቱ ያልታወቀ» ተብሎ ተነበበ። ችግሩ በአሮጌው ከርነል በኩል ነበር። ሁለቱን ባይት አንድ ቁጥር አድርጎ ስለሚያነብ፣ የተራ ፋይል ምልክት 1 ሲጨመርበት የ«አቤቱታ» 12 ባይት 268 ይሆንበታል። ስለዚህ አዲሱ ዲስክ አሮጌው ከርነል እንዳይከፍተው የሚያግድ ምልክት ተደረገበት።

ግዕዝ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላቱን በላቲን ፊደላት ቦታ ያስቀምጡ ነበር። የፋይል ስም ደግሞ የሚታየው በሲስተሙ ፎንት ስለሆነ፣ አቤቱታው በአማርኛ ቢጻፍም ስሙን በላቲን ፊደል ማስቀመጥ ይቀል ነበር። ዩኒኮድ ይህን ፈታ፤ የ255 ባይቱ ጣሪያ ግን የወጣው አንድ ፊደል በአንድ ባይት በሚጻፍበት ዘመን ነበርና ለግዕዝ ፊደል ጠበበ። በሊኑክስ ከ85 የግዕዝ ፊደል በላይ አይገባም። የዊንዶውሱ ፋይል ሲስተም ኤንቲኤፍኤስ ግን የሚቆጥረው በባይት ሳይሆን በ16 ቢት ስለሆነ 255 የግዕዝ ፊደል ይፈቅዳል። የከሳሽና የተከሳሽን ሙሉ ስም፣ ችሎቱንና የመዝገብ ቁጥሩን የያዘ የፋይል ስም በዊንዶውስ ያለ ችግር ተቀምጦ ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ሲገለበጥ «ስሙ ረዝሟል» ተብሎ ሊመለስ ይችላል።

ጣሪያውን ማንሳት ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ባይት ተይዟል፤ 255 የሚለው ልክም በከርነሉ ብቻ ሳይሆን በላዩ በሚሠሩ ፕሮግራሞች ውስጥ ሁሉ ተጽፏል።