በዝርዝሩ ላይ የማይጻፈው ግብአት

የኬክ አሰራር ሁሌም በዝርዝር ነው የሚጀምረው። ይህን ያህል ዱቄት፣ ይህን ያህል ስኳር፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር። እሳት በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ መጨረሻ ላይ «በ180 ዲግሪ ይጋገር» ተብሎ ይታለፋል። አየሩማ ጭራሽ አይነሳም። እንጦጦ ላይ ሆኖ ለሚጋግር ሰው ግን ነገሩን የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። እኔ እንደማየው የአዲስ አበባም ታሪክ በከፊል የእነዚህ ሁለት ያልተጻፉ ግብአቶች ታሪክ ነው።

መጀመሪያ ከአየሩ ልነሳ። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደጋ ላይ ባቄላ አልበስል ብሎ እንጨት የሚያስጨርሰው በዚህ የተነሳ ነው። ኬክ ላይ ሲሆን ደግሞ ጣጣው ድርብ ነው።

ቤኪንግ ፓውደር ማለት ሶዲየም ባይካርቦኔትና አሲድነት ያለው ዱቄት በደረቁ ተቀላቅለው ነው። ውሃና ሙቀት ሲያገኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ፤ ሊጡም በአረፋ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያለው እሽቅድምድም ነው። አረፋው ሳይፈነዳ የእንቁላሉ ፕሮቲን መርጋት፣ የዱቄቱ ስታርችም ውሃ ጠጥቶ መጽናት አለበት። ግድግዳው ከቀደመ ኬኩ ቆሞ ይቀራል። አረፋው ከቀደመ መሃሉ ይሰምጣል።

ተራራው ይህን እሽቅድምድም ያዛባዋል። ባሕር ዳር አንድ ሊትር የሚሆን ጋዝ እዚህ ወደ 1.4 ሊትር ይሰፋል። ስኳር በበኩሉ ስታርች የሚጸናበትን ሙቀት ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ስኳሩ የበዛ ኬክ ወደ 90 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። የኬኩ ውስጥ ደግሞ ውሃ እስካለው ድረስ ከውሃው መፍያ ብዙም አልፎ አይሞቅም። ማለትም አረፋው ፈጥኗል፣ ግድግዳው ዘግይቷል። መድኃኒቱ ቤኪንግ ፓውደሩንና ስኳሩን መቀነስ፣ ፈሳሹን ትንሽ መጨመር፣ ምድጃውን ሞቅ ማድረግ ነው። አልፍሬድ በርድ የተባለው እንግሊዛዊ ባለመድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1843 ለእርሾ የማይስማማት ሚስቱ ብሎ ቤኪንግ ፓውደር ሲቀምም በርሚንግሃም ነበር። እዚያ እንዲህ ያለ ችግር ከየት ይመጣል?

ድፎ ዳቦ ግን ደገኛ ነው። ሊጡ ስኳር ስለማይበዛበት ስታርቹ ከ60 ዲግሪ ጀምሮ መጽናት ይጀምራል፤ 90 ዲግሪ ለእሱ ይተርፈዋል። እርሾው ጋዙን የሚያመርተው ደግሞ እሳት ሳይነካው በፊት፣ በዝግታ፣ እዚያው በተራራው አየር ውስጥ ነው። ጋጋሪዋ በማንኪያ አትሰፍርም፤ ሊጡ ኩፍ ሲል አይታ ትወስናለች። ግፊቱ ምንም ይሁን ምን፣ ዓይኗ ከነልዩነቱ ይለካዋል። ኮባው ሊጡን ሸፍኖ እርጥበቱን ይይዛል፤ በስስ አየር ውስጥ ደግሞ እርጥበት ቶሎ ይሸሻል። ከላይና ከታች የሚነደው እሳት ቅርፊቱን ሲያደርቀው ያ ቡናማ መልክና ሽታ ይመጣል። ይህ ሁሉ ኬሚስትሪ ነው፤ ስሙን ሳይጠሩት ሲሠራበት የኖረ።

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ግብአት፣ እሳቱ፣ የሚመጣው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያሰናዱትን ግብር ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በዜና መዋዕላቸው ጽፈውታል። ስለ ግብር ስናወራ በሬውን፣ ጠጁን፣ እንጀራውን እንቆጥራለን። እኔን የሚያስገርመኝ ከምጣዱ ስር ያለው ነው። አንድ ኪሎ ውሃ በእንፋሎት እንዲሄድ ከ2,200 ኪሎ ጁል በላይ ሙቀት ይበላል፤ በሦስት ጉልቻ ላይ ደግሞ አብዛኛው ሙቀት ምጣዱን ሳይነካ ወደ አየር ይሄዳል። ያን ሁሉ ሰው የመገበ ጓዳ ስንት ዛፍ በላ?

እንጦጦ ብርድ ነው፣ ውሃም እንጨትም ይቸግራል። ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍል ውሃ አካባቢ ሲወርድ እንጨት የማይፈልግ ሙቀት ወዳለበት መውረዱ ነበር። ግን ከተማው ሲበዛ በዙሪያው ያለው ጽድና ወይራ ተመናመነ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከ ማስጀመር ደረሱ። ዋናው ምክንያት የማገዶ እጦት ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያስቀራት በ1880ዎቹ አጋማሽ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ሲቆርጡት እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ቅጠሉ እንኳ ዘይት ስላለው ቦግ ብሎ ይነዳል። በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ግንብ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የእንጦጦ ተራራ ደግሞ በባሕር ዛፍ ተሸፈነ።

ሂሳቡ ግን አልተዘጋም፤ ከፋዩ ብቻ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ የከተማውን እሳት ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ያወረደው በአብዛኛው የሴቶች ጀርባ ነው። ጎንበስ ብለው፣ አንዳንዴ የራሳቸውን ክብደት የሚጠጋ ቅጠልና ጭራሮ አዝለው፣ ቁልቁለቱን የሚወርዱትን እናቶች የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ዛሬ ለመዝናናት የምንወጣበት ነው። ያው ዳገት ነው፣ ያው ዛፍ ነው።

የምግብ ታሪካችንን ስንጽፍ ከጤፉና ከበርበሬው ጎን አንድ መስመር መጨመር ያለብን ይመስለኛል፦ ሙቀት፣ ይህን ያህል፤ ከየት እንደመጣ፤ ማን ተሸክሞ እንዳመጣው። ዳቦ ሲቆረስ አስቀድሞ ይመረቃል። ምርቃቱ ለእንጨት ተሸካሚዋም ይድረሳት።