የጢስ የዘር ሐረግ፦ አይሶቶፕና የከባቢ አየር ኦርጋኒክ ብናኝ



ማለዳ በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ ዙሪያ ካለ ከፍታ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው በጎጆዎችና በባሕር ዛፎች ላይ የተጋደመ ስስ ጭጋግ ያያል። ጭጋጉ ከምድጃ የወጣ ነው፣ ከመኪና ነው ወይስ ከዛፉ? ዓይን አይለየውም። ዛሬ የማቀርብላችሁ የዚህን መለያ ጥበብ ታሪክ ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርቦን 14ን በ1940 ያገኙት ማርቲን ኬመንና ሳሙኤል ሩበን ናቸው። በ1949 ዊላርድ ሊቢና ጄምስ አርኖልድ በዚሁ አይሶቶፕ የጥንት እንጨት ዕድሜ ሊሰላ እንደሚችል በሺካጎ አሳዩ። ሕያው ተክል ካርቦን 14ን ከአየር ይወስዳል፤ ከሞተ በኋላ ግን በየ5,730 ዓመቱ ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ ሚሊዮን ዓመታትን ባስቆጠሩት የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት ውስጥ ምንም አይገኝም። አርኖልድ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1955 ይህንኑ ዘዴ በአየር ላይ ባለ ብናኝ ላይ አዋለው፤ የከርሰ ምድር ነዳጅን ካርቦን ከዕፅዋት ካርቦን ለየ።

በ1960 ደግሞ ፍሪትስ ዌንት ዕፅዋት የሚለቁት ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ተለውጦ ሰማያዊ ጭጋግ እንደሚሆን ጻፈ። እንግዲህ ብናኝ ሁሉ ከእሳት የሚወጣ አይደለም፤ እንደ ባሕር ዛፍ ካሉ ዛፎች ከሚወጣው አይሶፕሪን ከተባለ ጋዝም አየር ላይ ይፈጠራል። አፈጣጠሩን የሚያሳየን ካርቦን 13 ነው። ካርቦን 12ን ብቻ የያዘው ቀላል ሞለኪውል በጥቂቱ ፈጥኖ ስለሚለወጥ፣ የተረፈው ጋዝ በካርቦን 13 እየበለጸገ ይሄዳል። በሺህ ጥቂት እጅ የሆነው ይህ ልዩነት ጋዙ ምን ያህል እንደተለወጠ ይነግረናል።

ወደ አካባቢያችን እንመለስ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም አብረው ሠርተዋል። በ2009 የታተመ ጥናትም በቡታጅራ ገጠር ቤቶች ከማገዶ የሚወጣውን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ለክቷል። የብናኙ ምንጭ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ካርቦን 14 ብቻውን አይበቃንም። የባሕር ዛፍ ፍልጥ ጢስ፣ የበቆሎ አገዳ ጢስና ከባሕር ዛፍ ቅጠል ጋዝ የተፈጠረው ብናኝ ሁሉም በላቦራቶሪ «ዘመናዊ ካርቦን» ናቸው፤ ከናፍጣ ጢስ ይለያሉ እንጂ እርስ በርሳቸው አይለያዩም። ካርቦን 13 ግን ባሕር ዛፍንና እንሰትን ከበቆሎና ከማሽላ ይለያል፤ ካርቦንን የሚይዙበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ መለኪያው ለፊተኞቹ በሺህ -27፣ ለኋለኞቹ በሺህ -12 ገደማ ነው። የፍልጡን ጢስ ከቅጠሉ ጭጋግ ለመለየት ደግሞ ሴሉሎስ ሲቃጠል የሚወጣው ሌቮግሉኮሳን ይታከልበታል።

በመጨረሻ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። «ዘመናዊ ካርቦን» ማለት ንጹሕ አየር ማለት አይደለም። የዛፉ ጭጋግና የምድጃው ጢስ በአንድ ቁጥር ተጨፍልቀው «የተፈጥሮ» ከተባሉ፣ በምድጃ ዳር በእናቱ ጀርባ ላይ የሚያስለው ሕፃን ከሒሳቡ ይወጣል። ስለዚህ መሣሪያ ከመትከላችን በፊት የትኛውን ጥያቄ ለየትኛው አይሶቶፕ እንደምናቀርብ እንለይ።